ውሃ የማይፈራው አምባር

ሬሳውን ያገኙት ዘበኛው ናቸው። ዓርብ ጠዋት፣ ሠራተኛው ከመግባቱ በፊት፣ የማድረቂያው ክፍል መብራት እንደበራ ማደሩን አይተው ሊያጠፉ ሲገቡ የወርክሾፑን የምርት ፈታሽ ከረጅሙ ጠረጴዛ ሥር በደረቱ ተደፍቶ አገኙት። ማጅራቱን ተመትቷል። አጠገቡ እርጥብ የቃጫ ገበር የሚዳመጥበት የብረት ዘንግ ወድቋል። ከላይ በገመድ ላይ የተሰጡት ስስ ገበሮች ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ደርቀው ይንኮሻኮሻሉ።

ኢንስፔክተሩ ሲደርስ ዘበኛው በሩ ላይ ቆመው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ያሽከረክሩ ነበር።

«ነክተውታል፣ አባት?»

«ትከሻውን ብቻ። የተኛ መስሎኝ ነው። ከዚያ ጣቱን አየሁት፤ ዝም ብሏል።»

«ጣቱ ዝም ብሏል ማለት?»

«ኧረ የሱ ጣት መች ያርፍ ነበር! ሲያስብም፣ ሲቆጣም ጠረጴዛ መደብደብ ነው።» ዘበኛው የበሩን መቃን በጣታቸው መቱት፤ ሦስት ጊዜ ፈጠን አድርገው፣ ትንሽ ቆይተው ደግሞ አንዴ። «ቀኑን ሙሉ ይኸው ነው። እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር።»

«በሥራ ሰዓት?»

ዘበኛው ባርኔጣቸውን መልሰው አጠለቁ።

ኢንስፔክተሩ ጎንበስ አለ። በሟቹ ግራ እጅ ላይ ከሰዓት ማሰሪያ ትንሽ ሰፋ የሚል ቡናማ አምባር አለ። አምባሩን ያውቀዋል።

ጣቢያ ውስጥ ባልደረቦቹ «መዝገብ» ይሉታል፤ አንዴ የገባ ነገር አይወጣለትም ለማለት ነው። እውነትም አንድ አልወጣ ያለው ነገር ነበረ። ባለፈው ዓመት አንዲት አሮጊት መታጠቢያ ቤታቸው ውስጥ ወድቀው ሞቱ። እጃቸው ላይ ይህንኑ የመሰለ አምባር ነበር፤ ሰው ወድቆ መነሳት ሲያቅተው ለቤተሰብ ስልክ ይደውላል የተባለው። አልደወለም። ኢንስፔክተሩ ያኔ የሴትዮዋን ቤት እንኳ ሄዶ አላየም። እዚህ ወርክሾፕ መጣ፣ ባለድርጅቱ በሳበለት ወንበር ተቀመጠ፣ ፈታሹ ያቀበለውን ወረቀት አነበበ። ወረቀቱ ላይ ያለው መስመር አሮጊቷ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ እጃቸውን ሲያንቀሳቅሱ እንደነበርና በድንገት ቀጥ እንዳሉ ያሳያል። ወድቀው የቆዩበት ጊዜ የለም፤ አምባሩ የሚደውልበትም ምክንያት የለም። ፋይሉን ዘጋው። ልጃቸው ቢሮው ድረስ መጥታ «ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ስደውል አላነሳችም እኮ» ብላ ስትለምነው ከወረቀቱ ቀና ሳይል «መዝገቡ ተዘግቷል» ብሎ መለሳት።

ከዚያ ወዲያ ያ ወንበር በታሰበው ቁጥር ደሙ ይፈላል። በልጅቷ ላይ ያደረገውን ሳይሆን፣ እንደዚያ እንዲያደርግ ያመቻቹለትን ሰዎች ነበር የሚጠላው። ይህን ባለድርጅት አንድ ቀን በእጄ ባስገባው፣ እያለ ዓመት ሙሉ ተመኝቷል። አሁን ሰውዬው ራሱ በኮሪደሩ እየመጣ ነበር።

«ወንድሜ! አንተው መጣህልን?» አለ ባለድርጅቱ እጁን ዘርግቶ። «ጥሩ ሆነ። አንተ ሥራችንን ታውቀዋለህ።»

«ረስቼዋለሁ። እስቲ እንደገና ያስረዱኝ።»

ባለድርጅቱ ሬሳው ከተነሳበት ቦታ ሦስት እርምጃ ርቆ ቆሞ፣ ለእንግዳ እንደሚያስጎበኝ ሰው አስረዳው። ቃጫና ሸንበቆ ይቀቀላል፣ ይፈጫል፣ እንደ ወረቀት ይሰጣል። ከሁለት ገበር አንዱ የጥድ ሙጫ ይጠጣል። ሁለቱ ገበሮች አምባሩ ውስጥ እጅ በተንቀሳቀሰ ቁጥር እየተነካኩ ሲላቀቁ ኤሌክትሪክ ያመነጫሉ። ባትሪ የለ፣ ቻርጅ የለ። ያው ኤሌክትሪክ የእጁን እንቅስቃሴ ግድግዳ ላይ ለተሰቀለው መቀበያ ያደርሳል፤ መቀበያው ሰዓቱን ይመዘግባል።

«እጅህ ከሄደ ይናገራል፣ ካልሄደ ዝም ይላል። ሠራተኞቼ ሁሉ ቀንም ማታም ያስሩታል። የሁሉም ቤት መቀበያ አለ፤ የኔም ቤት። ሥራችን ሙከራ ነዋ!»

«እርስዎም አያወልቁትም?»

«እኔ?» ባለድርጅቱ ግድግዳውን አሳየው። ትልቅ ፖስተር ላይ ራሱ ባለድርጅቱ የውሃ ገንዳ ውስጥ ተጋድሞ፣ አምባር ያሰረ እጁን ከአረፋው ብቅ አድርጎ ይስቃል። ከሥሩ «ውሃ አይፈራም» የሚል ተጽፏል። «ስታጠብ እንኳ አላወልቀውም። ማታ ቤቴ ነበርኩ፤ አምባሩ እጄ ላይ ነው። መዝገቡን አውጡና እዩት።»

ይህን ቃል ኢንስፔክተሩ አስጻፈው፤ ሰውዬውም ሳያቅማማ ፈረመ።

አብራው የመጣችው አስር አለቃ የመዝገቡን ኮምፒውተር ይዛ የፈታሹ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠች። ቀልጣፋ ልጅ ናት፤ አለቃዋን አትፈራም።

«ሟቹ ሐሙስ ከሥራ በኋላ ብቻውን ቀርቷል» አለች። «ሐሙስ ሐሙስ የሳምንቱን መዝገብ የሚያስተካክልበት ቀን ነው አሉ። የመጨረሻ እንቅስቃሴው አሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ። ከዚያ በኋላ ጭጭ።»

«የሞተበትን ደቂቃ ራሱ ነገረን በይኛ። ሌሎቹስ?»

«ሁሉም አሥር ሰዓት ላይ በዋናው በር ወጥተዋል። የየራሳቸው አምባር ቤታቸው ሲንቀሳቀስ ተመዝግቧል። እዚህ የቀሩት ዘበኛው ብቻ ናቸው። የሳቸውን መስመር ይዩትማ።»

መስመሩ ከአሥር ተኩል እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ድረስ እንደ ጠፍ መሬት ተዘርግቷል። አልፎ አልፎ ብቻ ትንሽ እብጠት አለው።

ዘበኛው ተጠርተው ሲያዩት አንገታቸውን ደፉ። «ይኼ ነገር… ማንኮራፋትም ይጽፋል እንዴ?»

«መገላበጥ ይጽፋል፣ አባት።»

«እንግዲያ ተኝቼ ነበር። ወንበሬ ላይ። ለጌታው እንዳትነግሩብኝ።» ከዚያ ጥፋታቸውን የሚያካክስ ነገር ፈልገው ይሁን ወይ ሲከነክናቸው የቆየ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ረቡዕ ዕለት ግን ነቅቼ ነበር። ጌታውና ፈታሹ ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ። ፈታሹ ሥራ ሊለቅ ነው። ጌታው ምን ቢለው ጥሩ ነው? ‘አንተ ከሄድክ እኔን ማን ይሸፍነኛል?’»

የመልቀቂያ ደብዳቤው መሳቢያው ውስጥ ተገኘ። ሌላ አገር ሥራ አግኝቶ ሰኞ ሊሄድ ነበር።

«አሁን ደግሞ የባለድርጅቱን አውጪልኝ» አለ ኢንስፔክተሩ።

አስር አለቃዋ አወጣችው፤ ከዚያም ቀና ብላ አየችው። የሰውዬው መስመር ከአሥራ አንድ ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ድረስ የለም። እንቅልፍ ቢሆን እብጠት ይኖረዋል። ይሄ ባዶ ነው፤ ተቆርጦ እንደወጣ ጨርቅ።

«ቤቱ ከዚህ በመኪና አሥር ደቂቃ ነው» አለች። «እዚህ ቢመጣ ግን የዚህ ክፍል መቀበያ ይይዘው ነበር።»

«ካልተሰረዘ። መሰረዣውን ቁልፍ ቃል የሚያውቀው ማን ነው?»

«እሱና ሟቹ ብቻ።»

ኢንስፔክተሩ ፈገግ አለ። ለዓመት ያህል እንደዚያ ፈገግ ብሎ አያውቅም።

ለወጉ ያህል የቀሩትን ሠራተኞች ጠየቀ። የመጨረሻዋ የአምባሩን ጠርዝ በሙጫ የምታሽገዋ ሴት ነበረች። «ሙጫ» ይሏታል። ጣቶቿ በትኩስ ሙጫ ብዛት ጠቃቅረዋል። ከድስቷ ዘወር ሳትል፣ ብሩሿን እንደያዘች ነው የመለሰችለት።

«ትላንት ከአሥር ሰዓት በኋላ የት ነበርሽ?»

«ቤት። ልብስ ሳጥብ። አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የአባቴን ቱታ። በእጅ ነው የማጥበው።»

«አምባሩ እጅሽ ላይ ነበር?»

ፖስተሩን ቀና ብላ አየችው። «ውሃ አይፈራም ይባል የለ?»

አስር አለቃዋ መዝገቡን አየች። ከአሥር ተኩል እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ወደፊት ወደኋላ፣ ወደፊት ወደኋላ፣ ጠንካራ መስመር። «እውነቷን ነው» አለች። «ክንድሽ አይደክመውም?»

«ለምዶታል።» ሴትዮዋ ብሩሹን ድስቱ ጠርዝ ላይ አንጠባጠበች። «ኢንስፔክተር፣ ገዳዩን ብታገኙት እስከ ዳር ትሄዳላችሁ? ወይስ ትዘጉታላችሁ?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«እንዲሁ ነው። መጠየቅ አይከለከልም መሰለኝ።»

አነጋገሯ ጎረበጠው፤ ግን ልቡ ሌላ ቦታ ነበር። ማስታወሻው ላይ ጭረት አድርጎ አለፋት።

ባለድርጅቱ ከሰዓት በኋላ ጣቢያ ሲቀርብ ወንበር አልተሳበለትም። ኢንስፔክተሩ መስመሩን ፊቱ ዘረጋለት።

«ይህ አርባ አምስት ደቂቃ የት ሄደ?»

ሰውዬው ወረቀቱን አየ፣ እንደገና አየ፣ ፊቱ አመድ መሰለ። መጀመሪያ «ስህተት ነው» አለ። ቀጥሎ «ምናልባት አውልቄው ይሆናል» አለ።

«‘ስታጠብ እንኳ አላወልቀውም’ ብለው ጠዋት ፈርመዋል።»

«ፈርሜያለሁ…»

«ታዲያ እጅዎ ላይ ነበር። ቤትዎም ከነበሩ መስመሩ ይኖር ነበር። የት ነበሩ?»

ባለድርጅቱ አፉን ከፈተ፤ ዘጋው። ኢንስፔክተሩ ይህን ዝምታ እንደ ጥፋተኝነት ወሰደው። ወደ ማረፊያ ክፍል ሲያስወስደው ሆን ብሎ ትከሻውን በጣቱ ገፋ አደረገው። ትንሽ ነገር ናት፤ ግን ጣፈጠችው።

ቅዳሜ ጠዋት ግን ደስታው ራሱ ያስጨንቀው ጀመር። እንዲህ የተመኘው ነገር እንዲህ በቀላሉ ሲገኝለት ይኼ የመጀመሪያው ነው። ቢያንስ የሠራተኞቹን ቤትና መቀበያ በአካል ላረጋግጥ ብሎ ወጣ። የአሁኑን ፋይል ወንበር ላይ ተቀምጬ አልሠራም፣ ይላል ለራሱ።

ሦስተኛው ቤት የሙጫ ነበር። እሷ ሥራ ላይ ነች። አባቷ፣ ጡረታ የወጡ አናጢ፣ ሳሎኑ መሐል የወንበር እግር እየላጉ አገኛቸው። የእንጨት ፍቅፋቂ ጫማቸውን ውጦታል። መቀበያው ከበላያቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

«ግባ ልጄ፣ ግባ። ፍቅፋቂውን እርገጠው፣ አይጎዳህም።»

ገባ። ዓይኑ ወደ ጓዳ ሲሻገር መታጠቢያ ቤቱ በር የለውም። ማጠፊያው የተነቀለበት ቦታ ብቻ መቃኑ ላይ ቀርቷል።

«በሩን ምን አገኘው?»

«ነቀልኩት።» አዛውንቱ የሚልጉበትን መላጊያ አስቀምጠው፣ ኢንስፔክተሩ ክንዱን ያሳረፈበትን ጠረጴዛ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። «ይኸው ጠረጴዛ አደረግሁት። ባለቤቴ ከዚህ በር ጀርባ ነው የሞተችው። ከጠዋት እስከ ማታ ወለል ላይ ተኝታ። እኔ ለሥራ ክፍለ ሀገር ነበርኩ። ልጄ መጥታ በሩን ሰበረችው። ዓመት ሆነው አሁን።»

ኢንስፔክተሩ ክንዱን ከጠረጴዛው ላይ አነሳ። ሊጠይቅ የመጣው ጥያቄ ጠፋበት። ይህ ቤት ያኔ መምጣት የነበረበት ቤት ነው። «መቀበያው ይሠራል» ብሎ አንድ የማይረባ ነገር አጉረመረመና ሹልክ ብሎ ወጣ።

ያን ጊዜ ቢሮው የመጣችው ልጅ እሷ ነበረች። ፊቷን አላወቀውም። አላየውም ነበርና።

ጣቢያ ተመልሶ የዘጋውን ፋይል ከመደርደሪያ አወረደ። ምክንያት አላት፤ የማያጠያይቅ ምክንያት። ግን ሐሙስ ቤቷ ስለመኖሯ አምባሯ ይመሰክራል። ከፋይሉ ውስጥ ፈታሹ የሰጠውን ወረቀት አወጣና ያኔ ያላየውን ያህል አየው። ከሦስት ሰዓት በፊት ያለው መስመር ደካማና ዘገምተኛ ነው፤ የአሮጊት እጅ። ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ግን ይነቃል። አንድ ቦታ ላይ ሦስት ፈጣን ምቶች፣ ፋታ፣ አንድ ምት። ትንሽ ዝቅ ብሎ ሦስት፣ ፋታ፣ አንድ። ወረቀቱን ሙሉ።

በጣቱ ጠረጴዛውን መታው። የዘበኛው የበር መቃን ትዝ አለው።

«አስር አለቃ! የባለድርጅቱን የድሮ ሐሙሶች ሁሉ አውጪልኝ።»

አሥራ ሁለት ሐሙስ ወጣ። በአሥራ ሁለቱም ላይ፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት አካባቢ ጀምሮ፣ የባለድርጅቱ መስመር የሟቹን የጣት ምት ይመታል፤ ሦስት፣ ፋታ፣ አንድ።

«ፈታሹ ከራሱ እጅ መስመር ቆርጦ እየለጠፈለት ነበር!» አለች አስር አለቃዋ። «ሐሙስ ሐሙስ መዝገብ ሲያስተካክል የሚያመሸው ይህንን ነው ማለት ነው። ያለፈው ሐሙስ ግን የሚለጥፈው ሰው ሞተ። ግን ምን ሊሸፍኑ ነው? በየሳምንቱ ሰው አይገድል።»

«ሐሙስ ሐሙስ ገንዳ ውስጥ ይገባል» አለ ኢንስፔክተሩ ቀስ ብሎ። «ፖስተሩ ላይ እንዳለው። ቃጫ ነው እኮ፤ ወረቀት ነው። ውሃ ሲነካው እስኪደርቅ ድረስ ይሞታል።»

አስር አለቃዋ እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ልብስ እያጠብኩ ነበር ያለችው ሴትዮስ? መስመሯ እኮ አንዴም አልደከመም።»

ኢንስፔክተሩ ቀድሟት ደርሶበት ነበር። እስኪመሽ ከወንበሩ አልተነሳም። ፋይሉን እንዲሁ ቢተወው ባለድርጅቱ ይበሰብሳል። ሴትዮዋ ሙጫዋን እየቀባች ትኖራለች። እሱም ዓመት ሙሉ የተመኘውን ያገኛል። እሱም፣ ሴትዮዋም፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ የሞቱት አሮጊትም የሚፈልጉት ነገር ነው ለማለት ይቻላል። ማድረግ የሚጠበቅበት ምንም ነገር አልነበረም፤ ዝም ማለት ብቻ። አንዴ ዝም ብሎ ያውቃል።

ሰኞ ጠዋት ሳህን ሙሉ ውሃ አስመጣና ባለድርጅቱ ፊት አስቀመጠው። አጠገቡ መቀበያ አኖረ። ሰውዬው እጁ ላይ ያለውን አምባር በሌላው እጁ ሸፈነው።

«እጅዎን ይንከሩና ያንቀሳቅሱልኝ።»

አልነከረም።

«እንግዲያው ልንገርዎት። አምባሩ ውሃ የማይፈራ ከሆነ ሐሙስ ገንዳ ውስጥ አልነበሩም። ወርክሾፕ ሄደው ሰው ገድለዋል። ውሃ የሚፈራ ከሆነ ገንዳ ውስጥ ነበሩ፤ ማንንም አልገደሉም። ግን ያኔ ዓምና አንዲት እናት እርጥብ ወለል ላይ ለሰባት ሰዓት ሲጋደሙ አምባሩ ለምን እንዳልደወለ ያውቁ ነበር። በባዶው ቦታ ላይም የፈታሹን ጣት አስለጠፉበት። ሦስተኛ መንገድ ካለ ይንገሩኝ።»

ባለድርጅቱ ውሃውን ብዙ አየው። «ሻጭ ነኝ እኔ» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ ተሰብሮ። «ጠርዙ በደንብ ከታሸገ ይችላል ብለውኝ ነበር። ሳይችል ሲቀር… ስንት ሰው አስሮታል መሰለህ? እንዴት ብዬ ነው የማወጣው?»

«ይጻፉት።»

«አንተስ? ያ ፋይል ላይ ያንተም ፊርማ አለ፣ ወንድሜ። እኔ ብወድቅ ብቻዬን አልወድቅም።»

«ይጻፉት አልኩ።»

ጻፈው። ሁለት ገጽ ሞላ። ሲፈርም እጁ በተንቀሳቀሰ ቁጥር መቀበያው ላይ ያለው መስመር ይዘል ነበር።

አመሻሽ ላይ ወደ ሙጫ ቤት ኢንስፔክተሩ ብቻውን ነው የሄደው። ሙጫ ደጃፉ ላይ የልብስ ገንዳ አስቀምጣ እጅጌዋን ሰብስባ አንሶላ ታሻለች። እጇ ላይ አምባር የለም። አባቷ በተከፈተው በር በኩል፣ ውስጥ፣ እየላጉ ናቸው።

«እሱ ምን አለ?» አለችው፣ ሰላምታም ሳትሰጠው።

«ውሃ ይገድለዋል አለ።»

እጇ ገንዳው ውስጥ ቆመ። «በአፉ ነው ወይስ ፈረመ?»

«ፈረመ።»

ዓይኗን ጨፈነች። ደስታ አይደለም ፊቷ ላይ የታየው፤ ረጅም መንገድ ተሸክማ የመጣችውን አውርዳ ትከሻዋን የምታሻሽ ሰው ትመስል ነበር።

«ባይፈርምስ ኖሮ?» አላት።

«ባልገደለው ሰው ይታሰር ነበራ። ለኔ ሁለቱም አንድ ነው። ቢዋሽ እሱ ይገባል፣ እውነቱን ቢናገር እኔ እገባለሁ፤ ግን በገዛ አፉ የእናቴን ነገር ተናግሮ ነው የሚያስገባኝ። ልብስ እያጠብኩ ነበር ያልኩት ሌላ የምለው ጠፍቶኝ መሰለዎት? እዚያ ቤት ስምንት ወር የሠራሁት ውሃ እንደሚገድለው እያወቅሁ ነው። የእናቴን ወረቀት በኪሴ ይዤ ነው የተቀጠርኩት። በመጀመሪያው ቀን ፈታሹ ጠረጴዛውን ሲደበድብ ሰማሁት። እናቴ ወለል ላይ ተኝታ ሳለ እጇ ሲመታው ነበር የተባለው ያ ነው።»

«በሩን ማን ከፈተልሽ?»

«ራሱ። ብሩሼን ረሳሁ አልኩት፤ በጓሮ በር አስገባኝ። ሰኞ ሊሄድ ነው፤ እጁን ታጥቦ ሊሄድብኝ ነው። የእናቴን ስም ነገርኩት። አላስታወሳትም። ሊያስታውስ ብሎ ጣቱን ጠረጴዛው ላይ አደረገ፣ መደብደብ ጀመረ። አልጨረሰውም።»

ውስጥ የመላጊያው ድምፅ ቆሟል። አዛውንቱ በሩ ላይ ቆመው፣ ፍቅፋቂ ከጉልበታቸው ላይ ይረግፋል።

«ልጄ» አሉ። «ሐሙስ ያን ነገር እጄ ላይ ስታስሪልኝ ለሙከራ ነው አላልሽኝም?»

«ሙከራ ነበር፣ አባዬ።» ድምጿ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበረ። «አንተ ምንም አታውቅም። አታውቅም ነበር፤ ኢንስፔክተሩም ይጻፉት።»

አዛውንቱ መቃኑን ይዘው ቀስ ብለው ደፉ ላይ ተቀመጡ። ኢንስፔክተሩ ካቴናውን ከኪሱ አወጣ። እሷ ግን እጇን አልሰጠችውም፤ ቀሚሷ ላይ እያደረቀች ቆመች።

«ፈታሹ ከፍሏል። ያኛው ፈርሟል። የእርስዎስ?»

«የኔ ምን?»

«ቢሮዎ ስመጣ አንገትዎን ደፍተው ነበር። እስካሁን የማውቀው የአናትዎን መሐል ነው።» አንድ እርምጃ ቀረበችው። «አሁን ቀና ይበሉና ይዩኝ።»

አያት። ፊቷ ላይ፣ ከግራ ዓይኗ በታች፣ የሙጫ ጠብታ ያቃጠላት ትንሽ ጠባሳ ነበር። እናቷን ትመስል እንደሆነ አያውቅም። እናቷንም አላየም።

«ምን እንዲደረግልሽ ነው የምትፈልጊው?»

«እንደዚያኛው እርስዎም ይመኑ። በጽሑፍ።»

ይህን ሊያደርግ እንደማይገደድ ሁለቱም ያውቃሉ። ካቴናው እጁ ላይ ነው፤ ሁለት ገጽ የእምነት ቃል ቦርሳው ውስጥ አለ። መዝገቡ ያለሱ ቃል ይዘጋል፤ ያውም ባማረ ሁኔታ። ደረት ኪሱን ዳበሰ፣ እስክሪብቶውን አገኘው።

ወደ ውስጥ ገባ። ፍቅፋቂውን ረግጦ፣ ከመታጠቢያ ቤት በር የተሠራው ጠረጴዛ ጋ ቆመ። ወንበር አልሳበም። ማዕረጉን ጻፈ፣ የሟቿን ስም ጻፈ፣ ቀኑን ጻፈ። ከዚያ በኋላ ብዙ ቆየ። እሷ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው፤ አላጣደፈችውም።

«ቤቱን ሳላይ ዘጋሁት» ብሎ ጻፈ። «ልጃቸው ነግራኝ ነበር፤ አልሰማኋትም።» ፈረመበት።

ወረቀቱን ተቀብላ አነበበችው። አንዴ አንብባ አልበቃትም፤ ደግማ አነበበች። ከዚያ ለአባቷ ሰጠችና ሁለት እጇን ለካቴናው ዘረጋች። ገና አልደረቁም ነበር።